ቪትዝህን አትሽጣት፣ መጀመሪያ ክዳኗን ቀይርላት

ሰሞኑን ከፍኖተ ሰላም አንድ አባወራ ጥያቄ ልኮልኛል። ረዘም ስለሚል ጨምቄ ላስቀምጠው። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለው፤ ባለ 1,000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ አማቱ ጋ ይሄዳል። እንዲህ ይላል፦ "ከደጀን ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ ይሸተኛል። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ደግሞ ጫፍ ልደርስ ስል የሙቀቱ ቀይ መብራት ይበራብኛል። ሁለቴ ቆሜ ውሃ ጨምሬአለሁ። ስመለስ ግን ምንም የለም፣ ሰላም ነው። እዚህ ያየልኝ መካኒክ 'ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት፣ ለዓባይ በረሃ አትሆንም፣ ሽጣትና ትልቅ ግዛ' አለኝ። እኔ ግን መኪናዋን እወዳታለሁ፣ ልጆቹም እንደዚያው። ምን ትለኛለህ?"

ወንድምዓለም፣ አትሽጣት።

የመልሱን ግማሽ ሳታስበው ራስህ ጽፈኸዋል። "ስመለስ ምንም የለም" ያልካት ነገር ናት ቁልፏ። ስትመለስም እኮ አቀበት ትወጣለህ፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ከዚያኛው የሚተናነስ አይደለም። የሚለየው ጭነቱ ነው። ስትሄድ ኩንታል ጤፍ አለ፣ ስትመለስ የለም። ፋኗ ሞቶ ወይም ራዲያተሯ ጨርሶ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ባዶዋንም ሂት ታደርግ (ከልክ በላይ ትሞቅ) ነበር። ስለዚህ ማቀዝቀዣዋ ይሠራል፣ ግን አቅሙ አፋፍ ላይ ደርሷል። ትንሽ ነገር ስትጨምርበት ይገለበጣል።

እስቲ እንደምረው። አንተና ባለቤትህ 130 ኪሎ በሉ። ሦስቱ ልጆች 80። ጤፉ 100። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ሻንጣው ሌላ 40። ድምሩ 350 ኪሎ ነው። ራሷ መኪናዋ 900 ኪሎ ገደማ ናት። ሞተሯ ፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ቤንዚን ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጎሐ ጽዮን ስትደርስ ከሰባዎቹ የቀሩህ ሃምሳ ምናምን ናቸው። ስታቃስት አትፍረድባት።

ግን ማቃሰትና መፍላት ለየቅል ናቸው። ጤነኛ ቪትዝ እያቃሰተችም ቢሆን ሳትፈላ ትወጣለች። እኔ የራሴን ከአራት ልጆች ጋር ስንት ጊዜ አውጥቻታለሁ።

አሁን ወደ ክዳኑ ልምጣ። የራዲያተሩን ክዳን ማለቴ ነው። ሰው ንቆት ያልፋል፣ እኔ ግን ሂት አደረገች ተብላ የመጣች ትንሽ መኪና ላይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል ተብለን ተምረናል። ያ ባሕር ጠለል ላይ ነው። ጎሐ ጽዮን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማርቆስም ያው ነው፤ ሽምብራ አልበስል የሚለን ወዶ አይደለም። ሞተር ደግሞ ደህና ሆኖ እየሠራ እንኳ ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ እንዴት አይፈላም? ክዳኑ ነው የሚያድነው። ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው፣ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፤ ልክ እንደ ፕሬዠር ኩከር። ጤነኛ ክዳን መፍያውን 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስፕሪንጉ የደከመ ከሆነ ግን ውሃው ታፍኖ አይቆይም፣ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ከፍታው ራሱ ያፈላዋል። ቀዩ ታች ድልድዩ ጋ ሳይሆን ጫፍ ልትደርስ ስትል የሚበራውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ሙቀቱ እየተጠራቀመ፣ መፍያው ደግሞ እየወረደ እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ክዳኑን ክፈት። ጎማው ተሰነጣጥቋል? ደርቋል? ስፕሪንጉን በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ በቀላሉ ከወረደልህ አልቆለታል። ሌላም ምልክት አለ። ከጉዞ በፊት ትርፍ ውሃ የሚይዘው ፕላስቲክ ላይ የውሃውን ልክ በማርከር አስምር። ደርሰህ ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ እየው። ፕላስቲኩ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ካገኘኸው ክዳኑ የተፋውን ውሃ መልሶ አልሳበም ማለት ነው። ስትገዛ ክዳኑ አናት ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይተህ ግዛ፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ይላል። የድሮው ላይ ያለው ከፋብሪካ የመጣው ከሆነ ያንኑ ቁጥር።

አዲስ ስለሆነ ብቻ ግን አትመነው። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ አዲስ ገዝቼ፣ 1.1 የሚል ተጽፎበት፣ ሳልፈትሽ ገጠምኩት። መካኒክ ነኝ እኮ! በበዓል ዋዜማ ደጀን ልገባ ሁለት ኩርባ ሲቀረኝ ኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ባለቤቴ ዶሮዋን ታቅፋ መንገድ ዳር አንድ ሰዓት ተቀመጠች። እስከዛሬ ትነግርብኛለች።

ሁለተኛው፣ ለእኛ አገር ሰው የተለየ ነገር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ ወቅት ስትነዳ መንገዱ ዳር ሁሉ ገለባ ነው። ከፊት የኤሲው ኮንደንሰር፣ ከኋላው ራዲያተሩ አለ፤ በሁለቱ መሃል ያለችው ክፍተት ጣት አታስገባም። እብቁ፣ አቧራውና ነፍሳቱ እዚያ ይታጨቃል። ከፊት ስታይ ንጹሕ ይመስልሃል። በአንድ በኩል የስልክህን መብራት አብራና በሌላው በኩል ሆነህ እየው፤ ብርሃን ካላለፈ አየርም አያልፍም። ባለፈው ከደምበጫ ከመጣች አንዲት ያሪስ ላይ ሁለት እፍኝ የጤፍ እብቅ አውጥቻለሁ፣ ዶሮ ይቀልባል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ በሚወርድ ውሃ እጠበው። ላቫጆ ወስደህ በሃይለኛ ፓምፕ እንዳታስመታው፣ እነዚያ ስስ ቅጠሎች ይታጠፉና ጭራሽ ይዘጋሉ።

ውሃ ጨመርኩ ብለሃል። የቧንቧ ውሃ መሆኑ ነው መቼስ። ለአንድ ቀን ጭንቅ ችግር የለውም። ለዓመታት ግን ውስጡን ያዝገዋል፣ ደለል ይሠራል። ክዳኑን ስትከፍት ውሃው የሻይ መልክ ካለው አስፈስሰህ አሳጥበውና ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አስገባበት። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይበቃል። አንዱን ዓይነት ከጀመርክ ከሌላ አትደባልቅ።

ፋኑን ለማየት ሞተሩን አስነስተህ ኤሲ ክፈት፣ መዞር አለበት። ኤሲ ከሌላት ቆማ እየሠራች እስክትሞቅ ጠብቅ።

ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ፣ አለ? ይህን ያየልህን መካኒክ ጠይቀው። እኛ ሠፈር መኪና ሂት ካደረገ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። መድኃኒት አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅልህም፣ ነዳጅ ትበላለች፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ስለሚዞር ጭነት ላይ ይብስባታል። ከወጣ መልሰህ አስገጥም።

ሁለቴ ቀይ በርቶባታልና ቴስታታዋንም (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሳታይ እንዳትተው። ጠዋት ክዳኑን ከፍተህ ሞተሩን አስነሳ፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል? የዘይት መሙያው ክዳን ሥር አይብ የመሰለ ነገር አለ? ከኋላ ነጭ ጭስ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ? አንዱ ካለ ጋራዥ ውሰዳት፣ የቴስታታው ጋስኬት (ማሸጊያው) ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። እንደነገርከኝ ከሆነ ግን አይመስለኝም። ጋስኬት የሄደበት መኪና ብዙ ጊዜ ባዶውንም "ሰላም" አይመለስም።

ፍሬኑ። እዚህ ላይ እቆጣለሁ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የምትወርደው፣ በ350 ኪሎ ጭነት። ማርሹ ዲ ላይ ሆኖ እግርህን ፍሬን ላይ አስደግፈህ ከወረድክ ሸራው ባይሸት ነበር የሚገርመኝ። ወደ 2 አውርደው። በጣም በቆመው ቦታ ኤል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ጮክ ብሎ ሲይዛት ነው ፍሬንህ የሚያርፈው። ፍጥነት ሲጨምርብህ ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቅ፣ አታስደግፍ። በፎሌ (ማርሽ አውጥተው) የሚወርዱም አሉ፣ ነዳጅ ቆጠብን ብለው። ምንም አልቆጠቡም። የኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋዋል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን ይጠጣል። ፍሬናቸውን አቃጥለው ነዳጁንም ይከፍላሉ።

የፍሬን ዘይቱስ መቼ ተቀየረ? የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ የፈላ ለታ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርድልሃል፣ የሚይዝ ነገር የለም። በሁለት ዓመት አንዴ አስቀይረው። ሸራውንም በዚያው አሳይ። ፍሬኑ ሲግል ጎማው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፉ ልጆች ካሉ ከልክላቸው፣ ዲስኩ ይጣመማል።

አቀበቱ ላይም ያው 2 ነው። ዲ ላይ ትተህ ነዳጁን ወለል ድረስ አትርገጥ። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር የውሃ ፓምፑም አብሮ ይፈጥናል፤ ታፍኖ ሲጎተት ነው ሙቀት የሚጠራቀመው። ኤሲ አጥፋ። የአንተ ቪትዝ የሙቀት ቀስት የላትም፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላት፤ ስለዚህ ቀዩ ሲበራ ቀድሞ መጥቷል ማለት አይደለም፣ ዘግይቷል። ያኔ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈተው። ልጆቹ ይጮሁብሃል፣ ግን ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል። ደህና ቦታ ፈልገህ ጥግ ያዝ። እንፋሎት ከሌለ ሞተሩን ሳታጠፋ ፋኑ እንዲያበርደው ተወው፤ እንፋሎት ካለ ወይም ቀዩ አልጠፋም ካለ ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን ግን ቢያንስ አርባ ደቂቃ አትንካ። ፊቱ ተቃጥሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

ስለ ጤፉ። ኩንታሉን በሁለት ጆንያ ክፈለው። ወለሉ ላይ፣ የኋላ መቀመጫው ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ። ጣሪያ ላይ በፍጹም፤ ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች። ጉዞ ቀን ጎሚስታ ጋ ሄደህ የጎማውን አየር በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ወረቀት በሚለው ልክ አስሞላ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 33 ፒኤስአይ ነው። ከቻልክ ደግሞ ግማሹን ኩንታል በአይሱዙ ላከው። 50 ኪሎ ሲቀንስላት ራስህ መሪው ላይ ይታወቅሃል።

መካኒኩ ትልቅ ግዛ ማለቱ ቀላል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ አሁን ሽጠህ የምትገዛው ያው አገር ውስጥ የቆየ፣ ሌላ ሰው የሰለቸውን መኪና ነው። እሷን ግን ታውቃታለህ። ከተማ ውስጥ ነዳጅ አትበላ፣ የትም ጥግ ትቆማለች፣ ዕቃዋ ማርቆስም ባሕር ዳርም አይጠፋም፣ መቀመጫዋ ሲታጠፍ ፍሪጅ ይገባባታል። ስትነዳት ደግሞ ደስ ትላለች፣ ኩርባውን እንደ ፍየል ነው የምትይዘው። ሦስቱ ልጆች አድገው ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ሲጀምሩ ያኔ እንነጋገራለን።

ነገ ጠዋት ሳታስነሳት የክዳኑን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። አናቱ ላይ ያለው ቁጥርና ከሥር ያለው ጎማ ሁለቱም ይታዩኝ።