የአያቱን ኪኒን ለልጄ ልስጠው?

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ቤት ውስጥ ያወራል። ሱቅ ስልከው ግን ባለሱቁ «ምን ልስጥህ?» ሲለው የሸሚዙን ጫፍ ጨብጦ ይቆማል፤ «ስኳር» ማለት አቅቶት ባዶ እጁን ይመለሳል። አያቱ የምትወስደው ፕሮፕራኖሎል የሚባል የደም ግፊት ኪኒን ለንግግር ይረዳል ሲባል ሰማሁ። ልስጠው?
እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ አደራ፣ ከአያቱ ኪኒን እንዳትሰጪው! የሰማሽው ግን ተራ ወሬ አይደለም። መድኃኒቱ ስንጨነቅ ልብን በኃይል የሚያስመታውን የአድሬናሊን ሆርሞን ሥራ ያግዳል፣ ወደ አንጎልም ይገባል፤ ጭንቀት ሲበርድ ቃል ቶሎ ይመጣ ይሆናል ተብሎ ነው የተሞከረው። የአሜሪካው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው 20 ሰዎች ተሳትፈዋል። 40 ሚሊግራም አንዴ ተወስዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ መድኃኒት ከሌለበት ኪኒን ጋር ሲነጻጸር፣ በወሬ መሃል ንግግር ተቀብሎ መመለሱ ተሻሽሏል። ደስ ይላል፣ ግን 20 ሰው ጥቂት ነው። የአንድ ቀን ውጤትም ለወራት ዋስትና አይሆንም።

አስም ካለበት ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል፣ የልብ ምትም ያዘገያል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጂውና የሱቁን ነገር ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። እስከዚያው «ስኳር» ብለሽ ወረቀት ላይ ጻፊለት፣ ባለሱቁንም ትንሽ እንዲታገሰው ለምኚው።