ኢኤስፒኤን ገንዘቡን ከየት አመጣው?

«የአሜሪካው የስፖርት ቴሌቪዥን ቻናል ኢኤስፒኤን ከትንሽ ከተማ ተነስቶ እንዴት እንዲህ ገዘፈ? ማስታወቂያ ብቻውን ይህን ሁሉ ገንዘብ ያመጣል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን። እዚህ አሜሪካ ለዓመታት ኬብል ኩባንያ (የቴሌቪዥን ቻናሎችን በመስመር ለየቤቱ በክፍያ የሚያስገባ) ውስጥ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ቤት ለቤት እየዞርኩ መስመር እዘረጋ ነበር፣ በኋላ ደግሞ ለደንበኛ ቢል አስረዳ ነበር። ስለዚህ ነገሩን የማውቀው በቢሉ በኩል ነው። ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ዋናው ገንዘብ ከየቤቱ የሚሰበሰበው ወርሃዊ ክፍያ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1978 ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ቢል ራስሙሰን የተባለ ሰው ከአንድ የሆኪ ክለብ ሥራው ተሰናበተ። ከልጁ ከስኮት ጋር ሆኖ የኮነቲከት ግዛትን ጨዋታዎች በኬብል ለማሳየት አሰበ። የሳተላይት ኪራይ ሲያጠያይቁ አንድ ነገር ገባቸው። ሙሉውን 24 ሰዓት መከራየት በቀን 5 ሰዓት ከመከራየት ይረክሳል! ደግሞ ሳተላይት ላይ ከወጣህ ሥርጭቱ አገሩን በሙሉ ያዳርሳል። ታዲያ ለምን ለኮነቲከት ብቻ? እኔን ከታሪኩ ሁሉ በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ስፖርት የማሳየት ሀሳብ የጠነከረው ከኪራይ ዋጋ ተነስቶ ነው።

ጌቲ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ገንዘብ አፈሰሰ። የቢራ አምራቹ አንሃይዘር ቡሽ ማስታወቂያ ገዛ። መስከረም 7 ቀን 1979 ኮነቲከት ውስጥ ካለችው ከብሪስቶል ከተማ ሥርጭት ተጀመረ። ትልልቆቹ ሊጎች እጃቸው ላይ ስላልነበሩ የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ቤዝቦል የሚመስለው ሶፍትቦል ነበር። በ1980 የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበትን ሥነ ሥርዓት በቀጥታ አሳዩ። ስም ሲጠራ ማን ያያል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ሚሊዮኖች ይከታተሉታል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መጀመሪያ ላይ ቻናሉ ከኬብል ኩባንያዎች ገንዘብ አይቀበልም ነበር። ማስታወቂያው ግን ወጪውን አልሸፈነም፤ ኪሳራው ከበደ። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በየደንበኛው ጥቂት ሳንቲም መጠየቅ ጀመሩ። ኬብል ኩባንያዎቹ አጉረመረሙ፣ ግን ከፈሉ። በዚያ ገንዘብ ጨዋታ የማሳየት መብት ገዙ፤ በ1987 የእሁድ ማታ የኤንኤፍኤል ጨዋታዎችን አገኙ። ጨዋታው ሲበዛ ክፍያው ጨመረ። ሳንቲሙ ከጊዜ በኋላ በወር ከ7 ዶላር በላይ ሆነ። ይህን በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ቤት አባዛው፤ በ2011 ደንበኛው 100 ሚሊዮን ገደማ ቤት ነበር። በመሃል ባለቤትነቱ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤቢሲ፣ በ1996 ደግሞ ወደ ዲዝኒ አለፈ፤ ኸርስት የተባለው የሚዲያ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት 20 በመቶ ይዞ ነበር።

አንዲት እናት ቢላቸውን ይዘው ደውለው «እኔ ኳስ አላይም፣ ስፖርቱን አውጣልኝና ሂሳቡን ቀንስልኝ» ያሉኝን አልረሳም። ማውጣት አልችልም ነበር። ከኢኤስፒኤን ጋር የነበረው ውል ቻናሉ መሠረታዊው ፓኬጅ ውስጥ እንዲገባ ያስገድድ ነበር። ቢሉ ላይ ደግሞ የቻናሉ ስም እንኳን አይወጣም ነበር፣ የፓኬጁ ድምር ብቻ ነበር የሚታየው። እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር ለእሳቸው ዓይነት ሰው ፍትሃዊ አልነበረም። ስፖርት ወዳዱ ግን ብዙ ጨዋታ በርካሽ ያየው እንደ እሳቸው ያሉት አብረው ስለከፈሉ ነው።

ከ2011 ወዲህ ሰው ኬብሉን እያቋረጠ ነው፤ የጨዋታ መብት ዋጋ ግን ይንራል። ለዚህ ነው በ2018 ኢኤስፒኤን ፕላስ የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመሩት። በ2025 ደግሞ ሙሉ ቻናሎቹን ያለ ኬብል በቀጥታ ለተመልካቹ መሸጥ ጀመሩ፣ በወር 29.99 ዶላር። የማያየው ጎረቤት ሳያግዝህ ብቻህን ስትከፍል ዋጋው ወደዚያ ይጠጋል።