የማሳ ውሃን በቆረቆንዳ ስለማጣራት

ሰላም ወንድሜ። እነዋሪ ላይ ከስንዴ ማሳህ በቦይ የሚወጣው ውሃ ዩሪያውን ይዞ ኩሬህን በአልጌ እንደሞላብህ ጽፈሃል፤ ገለባ ያጣራው እንደሆነም ጠይቀሃል።

አዎ፣ ዩሪያው አፈር ውስጥ ተለውጦ የሚሆነውን ናይትሬት ገለባ ይቀንሰዋል። ግን ገለባውን ለከብቶችህ ተወው፤ በጋ ላይ መኖ ሲጠፋ ይቆጭሃል። ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፈልግ። ከእንጨት ስብርባሪ ፈጥኖ ይሠራል፤ ቶሎ ስለሚበሰብስ ግን መተካት አለበት።

በቦዩ መውጫ ጉድጓድ ቆፍረህ ቆረቆንዳውን ጠቅጥቀህ ሙላ። ውሃው በላዩ ሳይሆን በውስጡ ቀስ ብሎ ይለፍ። ታችኛው ክፍል ሁሌ ውሃ ይተኛበት፤ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ቆረቆንዳው ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ናይትሬቱን ይጠቀማሉ፤ እሱም ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ቆረቆንዳው ቀለባቸው ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተህ ውሃው ከልክ በላይ ቆይቷል ማለት ነው፤ ፍሰቱን ጨምር። በደጋው ብርድ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ይዘገያል።

ከፊቱ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ አብጅ፤ አለዚያ የጥቁር አፈሩ ጭቃ ይደፍነዋል። መጀመሪያ የሚወጣውን ቡናማ ውሃ ሰውም ከብትም እንዳይጠጣው አደራ። አልጌን የሚመግበውን ሌላውን ንጥረ ነገር፣ ፎስፈረሱን፣ ግን ቆረቆንዳ አይዝልህም። አብዛኛው ከአፈሩ ጋር ስለሚታጠብ የቦዩን ዳር ሣር አልብሰው። ዩሪያውንም ከፋፍለህ ጨምር፤ ያን ጊዜ ወደ ቦዩ የሚገባው ራሱ ያንሳል።