ሥዕሉን ተወውና 7 ቁጠር

ወንድሜ፣ «የሰርክል ኦፍ ፊፍዝን (12ቱ የሙዚቃ ኖታዎች በክብ የተደረደሩበትን) ሥዕል በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ግን ምን እንደሚጠቅመኝ አልገባኝም» ብለህ ለጠየቅከው፣ ባንድ ውስጥ ስጫወትም ጀማሪዎችን ሳስተምርም ካየሁት ልመልስልህ። ሥዕሉን ለጊዜው ተወውና ኪቦርድህን ክፈት።

ሲን (C፣ ከሁለቱ ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለውን ነጭ) ተጫን። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁልፍ አንድ ብለህ ጀምርና ነጩንም ጥቁሩንም ሳትዘል 7 ቁጠር። ጂ ላይ ደረስክ። ከጂ እንደገና 7 ስትቆጥር ዲ፣ ከዚያ ኤ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤፍ ሻርፕ (ሻርፕ ማለት አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ከፍ ያለ) እያልክ ትቀጥላለህ። ኪቦርድህ ባለ 61 ቁልፍ ከሆነ መሀል ላይ ቦታ ያልቅብሃል፤ ችግር የለውም፣ አንድ ኦክታቭ (12 ቁልፍ) ወደ ግራ ወርደህ ቀጥል። 12 ጊዜ ከሄድክ 12ቱንም ኖታዎች አንድ አንድ ጊዜ ነክተህ ተመልሰህ ሲ ላይ ነህ። ክብ ተደርጎ የሚሳለው ለዚህ ነው። አንዴ በጣትህ ከዞርከው ሥዕሉን መሸምደድ አያስፈልግህም።

አሁን ዋናው ነገር። ሲ ሜጀር ስኬልን (ከሲ ተነስተው በተራ የሚወጡትን ሰባት ኖታዎች) ተጫወት፣ ሁሉም ነጭ ነው። ቀጥለህ ጂ ሜጀርን ተጫወት። የተቀየረው አንድ ኖታ ብቻ ነው፣ ኤፍ ወደ ኤፍ ሻርፕ። ከጂ ወደ ዲ ስትሄድ ኤፍ ሻርፕ እንዳለ ሆኖ ሲ ሻርፕ ይጨመራል። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኖታ ይቀየራል፣ ሰርክሉ የሚነግርህ ይህንን ነው። በክቡ ላይ ከሲ ወደ ግራ ከሄድክ ደግሞ ፍላት (አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ዝቅ ያለ ኖታ) ይጨመራል፦ ኤፍ አንድ፣ ቢ ፍላት ሁለት፣ ኢ ፍላት ሦስት። ሻርፖቹ የሚመጡበት ተራ ራሱ ሰርክሉ ነው፦ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ። ለፍላቶቹ ይህንኑ ከኋላ ወደ ፊት አንብበው። በክቡ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሲ ሜጀርና ኤፍ ሻርፕ ሜጀር የሚጋሩት ሁለት ኖታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሲ ወደ ጂ ስትሻገር ሰሚው ብዙም አይደነግጥም፣ በቀጥታ ወደ ኤፍ ሻርፕ ከዘለልክ ግን ሁሉም ቀና ብሎ ያይሃል።

መድረክ ላይ ምን ይሠራል ላልከው፣ እኔ በብዛት የምጠቀምበት ኪይ (ዘፈኑ የተመሠረተበትን ኖታ) ስቀይር ነው። ዘፋኙ መጥቶ «ዛሬ ድምፄ ልክ አይደለም፣ ዝቅ አድርግልኝ» ይልሃል፣ ልትጀምሩ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ዘፈኑ በሲ ነበር እንበል። በክቡ ላይ ሲን መሀል አድርግ፦ በግራው ኤፍ፣ በቀኙ ጂ። የሦስቱ ማይነሮች (የእያንዳንዳቸውን ስኬል ኖታዎች የሚጋሩት ተጓዳኞቻቸው) ደግሞ ዲ ማይነር፣ ኤ ማይነርና ኢ ማይነር ናቸው። አብዛኛው ቀለል ያለ ዘፈን ከእነዚህ ስድስት ኮርዶች (አብረው ከሚመቱ ኖታዎች) አይወጣም። ወደ ቢ ፍላት ሲወርድ ያው ቅርፅ እንዳለ ይዞራል፦ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፤ ከሥራቸው ሲ ማይነር፣ ጂ ማይነር፣ ዲ ማይነር። ኮርዱን አንድ በአንድ ማስላት ቀረ ማለት ነው።

ለእኛ ሙዚቃም ይሠራል፣ ግን እስከተወሰነ ድረስ። ከሲ ጀምረህ በሰርክሉ አምስት ጎረቤቶችን ውሰድ፦ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። በስኬል ቅደም ተከተል ደርድራቸው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ከቅኝቶቻችን (ዜማ ከሚሠራባቸው የኖታ ስብስቦች) አንዱ፣ ትዝታ ሜጀር ነው! ከየትኛውም ኖታ ብትነሳ እንደዚሁ ይወጣልሃል። ይህንን ለተማሪ ሳሳይ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ በጣም እወደዋለሁ።

አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ግን በሰርክሉ ላይ ጎን ለጎን በተደረደሩ አምስት ኖታዎች አይወጡም። እዚህ ላይ ብዙ ኪቦርዲስት ከሰርክሉ ያገኘውን ኮርድ በግድ ይጭንባቸውና ቅኝቱን ያበላሸዋል፣ ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። አምባሰልን ከሲ ስትጫወት ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። በላዩ ላይ ጂ ሜጀር ከመታህ ዲ እና ቢ ይገባሉ፣ ዲው ከዲ ፍላቱ ጋር ይጋጫል፣ የአምባሰል ጣዕሙ ይጠፋል። እንዲህ ባለው ቦታ እኔ በግራ እጄ ሲን ብቻ፣ ወይም ሲና ጂን ይዤ በቀኝ እጄ ከቅኝቱ ኖታዎች ሳልወጣ ነው የምጫወተው። ሰርክሉን ለትዝታ ሜጀርና ለኪይ መቀየሪያ ተጠቀምበት፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ግን ጆሮህን ወደ ክራሩና ወደ ዘፋኙ አድርግ።