መልስ፦ የ4 ዓመት ልጄ ለዮጋ ዓይኗን ጨፍና አትቀመጥም ላልሽው

ዓይኗን እንድትጨፍን አትጠይቂያት። በዚህ ዕድሜ ዝም ብሎ ተቀምጦ ትንፋሽን ማዳመጥ ከባድ ነው፤ ብትቁነጠነጥና ብትስቅ ዮጋ አይሆናትም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ትንቀሳቀስ። በእጅና በጉልበቷ ሆና እንደ ድመት ጀርባዋን ታጉብጥ፣ ቀጥሎ በሆዷ ተኝታ እንደ እባብ ደረቷን ቀና እያደረገች "ስስስ" ብላ አየሩን ታውጣ። በአንድ እግር ቆሞ ዛፍ መሆንም ይወዳሉ፣ ግድግዳ ትያዝ።

ሰውነቷ ደከም ሲል በጀርባዋ አስተኛትና የምትወደውን ቀላል አሻንጉሊት ሆዷ ላይ አድርጊላት። "አየር ስትስቢ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስታወጪ ይወርዳል፤ እንዳይወድቅ ቀስ አድርገሽ አስተኚው" በያት። ዓይኗ አሻንጉሊቱን ስለሚከተል ሐሳቧም እዚያው ይቆያል፣ ትንፋሿም ሳትነግሪያት ይረጋጋል። አምስት ስድስት ትንፋሽ ይበቃታል። ሁሉም ተደምሮ ከ5 ደቂቃ አይለፍ። አንቺም አጠገቧ ተኝተሽ አብረሻት ሥሪ፤ ልጆች ከሚነገራቸው ይልቅ የሚያዩትን ነው የሚከተሉት።

ከልምድ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ስታለቅስ ወይም ስታጠፋ ብቻ "ነይ ተንፍሺ" አትበያት። እንዲህ ሲደረግ ያየኋቸው ልጆች ቅጣት እየመሰላቸው ገና ሲጠሩ ይሸሻሉ። ደስ ባላት ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ ከመኝታ በፊት አለማምጃት። ከለመደችው በኋላ በተናደደች ጊዜ ብዙ ሳታወሪ አሻንጉሊቱን ብቻ አቀብያት። እምቢ ካለች ደግሞ ተይው፣ ነገ ትሞክራላችሁ።