እየጸለይኩ ለምን እጨነቃለሁ?

እህቴ፣ «ማታ ጸልዬ እተኛለሁ፣ ሌሊት ግን ጭንቀቱ ይቀሰቅሰኛል፤ እምነቴ ደካማ ስለሆነ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። ይህን ሸክም በራስሽ ላይ አትጨምሪ።

ኤልያስን ተመልከቺው። እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ንግሥት ኤልዛቤል ስትዝትበት ግን ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ራሱ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ራት ሳትበዪ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ስትነካኪ አምሽተሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክይ። ይሄም መንፈሳዊ ነገር ነው።

ጌታም በጌቴሴማኒ አዝኗል፣ ተጨንቋል። ያንኑ ቃል እየደጋገመ ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። አንቺም መደጋገምሽ አያሳፍርም።

ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። ልመናችሁን አስታውቁ ይላል፣ ደግሞም ከምስጋና ጋር። እንግዲህ በደፈናው «ጌታ ሆይ እርዳኝ» ብለሽ አትለፊው። የቤት ኪራዩን፣ የእናትሽን ሕመም፣ ያስፈራሽን ነገር በስሙ ጠርተሽ ንገሪው። ቀጥሎ ዛሬ ስለሆነልሽ አንድ ነገር አመስግኚ።

ብቻሽንም አትያዥው። ለንስሐ አባትሽ ወይም ለምታምኛት እህት ንገሪ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ደረትሽን የሚያፍንሽ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጸሎቱን ሳታቋርጪ መታከም ትችያለሽ።