ለጎደለ ጥርስ አጭሩ ኢምፕላንት ወይስ ረጅሙ?

በታች በግራ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ በኋላ ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስስቅ አይታይ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ። ፈረቃው፣ ኢንሹራንሱ፣ "ዘንድሮ ይለፍ"... የስደት ኑሮ ነገር ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ ስሄድ አንዱ ሐኪም "አጥንት ተጨምሮልህ ረጅም ኢምፕላንት ይገባልሃል" አለኝ። ሌላው ደግሞ "ምንም መጨመር አያስፈልግም፣ አጭሩ ይበቃሃል" አለ። አጭር ሲለኝ ርካሹን ሊያሸክመኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ተሳስቼ ነበር።

ኢምፕላንት በጥርሱ ሥር ቦታ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም ይሠራል። አጥንቱ ይዞት ሲጠነክር ላዩ ላይ ክራውን፣ ማለትም የሚታየው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ይታሰራል። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያው ታካሚው ካስገባ ወዲህ ለረጅም ጊዜ የነበረው እምነት በረዘመ ቁጥር ይጸናል የሚል ነበር። ዛሬ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው መደበኛ ይባላል። አጭር የሚባለው ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። አንዱ እስከ 8 ሚሊሜትር ያለውን አጭር ይላል፣ ሌላው እስከ 6። ስለዚህ "ስንት ሚሊሜትር?" ብላችሁ ጠይቁ።

ጥርስ ሲነቀል ሥራ የፈታው አጥንት ይከሳል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ላይኛው መንጋጋ ላይ ከኋላ በኩል ሳይነስ የሚባለው ባዶ ክፍል አለ። ታች ደግሞ ከንፈርና አገጭ እንዲሰማን የሚያደርገው ነርቭ ያልፋል። ሐኪሙ በሲቲ ስካን ምስሌ ላይ ነርቩን በቀይ መስመር አስምሮ አሳየኝ። ከመስመሩ በላይ የቀረኝ አጥንት 9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ነርቩ እንዳይነካ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ይተዋል፤ ቀረ 7። የ10 ሚሊሜትር ብሎን የት ይግባ? ነርቩ ከተጎዳ ከንፈር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል።

ረጅሙን የፈለገ ሰው መጀመሪያ አጥንት ማስጨመር አለበት፤ ላይ ከሆነ የሳይነሱን ወለል ወደ ላይ ከፍ አስደርጎ ከሥሩ አጥንት ማስጨመር። ያ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሌላ እብጠት፣ የወራት ጥበቃ። አጭሩ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የማኘክ ጫናም በአብዛኛው የሚያርፈው በብሎኑ አንገት ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ስለሆነ ውፍረቱም እንደ ርዝመቱ ይቆጠራል። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጭሩ ከረጅሙ ብዙም እንደማይርቅ ያሳያሉ። ግን ነጻ ምሳ አይደለም። ድዱ ተቆጥቶ 3 ሚሊሜትር አጥንት ቢበላ ከ12 ሚሊሜትሩ ሩቡ ነው የሚሄደው፣ ከ6ቱ ግን ግማሹ። በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ይህን ቀድሞ ይናገር። አጥንት እንደ ልብ ካለ ደግሞ ማጠር ምን ያደርጋል? መደበኛው ይግባ።

እኔ አጭሩን አስገባሁ። አልጸጸተኝም።

አሁን የኛን የስደተኞቹን ጉዳይ ልንገራችሁ። በሁለት ሳምንት ፈቃድ ሌላ አገር ሄዶ ብሎንም ክራውንም ጨርሶ መመለስ የሚያምራችሁ አላችሁ። በአንድ ቀን ጊዜያዊ ጥርስ የሚታሰርበት ሁኔታ አለ፤ ኋላ ላለ መንጋጋ ጥርስ ግን በተለመደው አሠራር አጥንቱ እስኪይዝ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ይጠበቃል። አጥንት ከተጨመረ ይረዝማል። ሁለቴ መሄድ እንዳለባችሁ አስሉ፤ በመካከል ቢያብጥ ማን እንደሚያያችሁም አስቡበት።

ሕክምናው ሲያልቅ የኢምፕላንት ካርዳችሁን ተቀበሉ። የአምራቹ ስም፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የምርት ቁጥሩ ይጻፍበት። የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ከሌላው ጋር ብዙውን ጊዜ አይገጥምም፤ ዓይነቱ ካልታወቀ ክራውኑን የያዘች አንዲት የላላች ትንሽ ብሎን ለማጥበቅ እንኳ ሌላ አገር ያለ ሐኪም ይቸገራል። የጥርሱን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ቦታው በቃላት ይጻፍላችሁ። አሜሪካ 16 ቁጥር የላይ ግራ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ በላይ በቀኝ በኩል ያለው የመጀመሪያው።